ይቀባ

«እስትንፋስሽን ልቀቂው እንጂ! ውሃ ነው፣ ዳኛ አይደለም» አለቻት አክስቷ።

ልጅቷ ግን አልለቀቀችም። አክስቷ ጣሳውን ዘንበል አድርጋ ውሃውን በመጨረሻው የበር ማጠፊያ ላይ ቀስ ብላ አፈሰሰች። ውሃው ብረቱን ሲነካ ለአፍታ ያመነታ መሰለ። ከዚያ ሳይቆራረጥና ሳይንጠባጠብ እንደ ስስ አንሶላ ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ።

«ተኛ» አለች አክስቷ።

በዚያ ግቢ «ተኛ» ከሚለው ቃል የሚበልጥ ምስጋና የለም። ግቢው ከጋራዦቹ ጀርባ ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የዕቃ ማጠቢያ ነው። መካኒኮቹ ግራሶና አሮጌ ቀለም የጠገበ ትንንሽ የመኪና ዕቃ በባልዲ ያመጣሉ፤ ባልዲው የሚመለሰው ዕቃው እንደተፈጠረበት ቀን እርቃኑን ሆኖ ነው። አክስቷ ይህን ሥራ ይዛ ሃያ ዓመት ቆይታለች። ንጹህ የሚባል ነገር ሦስት ዓይነት ነው ትላለች፦ ለዓይን ንጹህ አለ፣ ለጣት ንጹህ አለ፣ ለውሃ ንጹህ አለ። «ዓይን ይሸነገላል። ጣትም ራሱ ቅባታም ነው። ውሃ ግን ይሉኝታ አያውቅም። ጤፍ የምታክል ቅባት ካገኘ እዚያው ይበጠስና ያጋልጥሻል።»

ልጅቷን «ጸሐፊዋ» ያሏት የግቢው ሠራተኞች ናቸው። የአክስቷ የእጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው መሬት ስለሚመስል፣ በየዕቃው ላይ የሚንጠለጠለውን ካርቶን ከአስራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ የምትጽፈው እሷ ነበረች። ደግሞም ከአፏ ቃል የሚወጣው በመከራ ስለሆነ፣ ጽሕፈቱ ይስማማታል ብለው ነው። የምትጽፋቸው ቃላት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ «ለመካኒክ» ወይም «ለቀቢ»። ለመካኒክ የሚሄደው ዝገት እንዳይነካው በጨርቅ ዘይት ይታሻል። ለቀለም ቀቢው የሚሄደው ግን ዘይት ቀርቶ ባዶ ጣት አይነካውም፤ ቅባት ባለበት ቀለም አይይዝምና።

አሁን አስራ አምስት ዓመቷ ነው። በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ዕቃ ተሰጥቷት ነበር። ጡረታ የወጣ አንድ ሹፌር የመጀመሪያ መኪናውን እንደ አዲስ ሊያሠራ አስቦ የላከው አስራ ሰባት ፍሬ ነው፤ ስድስት ማጠፊያ፣ ሁለት የስፖኪዮ ክንድ፣ ሦስት ፔዳል፣ የኮፈን መቆለፊያና ሌሎች ስም የሌላቸው ቁርጥራጮች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ሚስማር ላይ ሰቅላ፣ ዩኒፎርሟን በሥራ ካፖርት ለውጣ ትገባለች። መጀመሪያ በናፍጣና በብሩሽ ግራሶውን ታወርዳለች። ቀጥሎ ቀለሙን የሚያላቅቀው የፈላ ሶዳ ነው። ወደ ሶዳው በርሜል የምትከተውም የምታወጣውም አክስቷ ብቻ ናት፤ «ሶዳ ዘመድ አያውቅም» ትላለች። ጸሐፊዋ ጓንትና መነጽር አድርጋ ከወጣ በኋላ ያለውን ትረከባለች። ቀለሙ እየተነሳ ሲሄድ የመኪናው ዕድሜ ወደ ኋላ ይቆጠርላታል፦ ከግራጫው ስር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ስር ደግሞ ማንም የማያስታውሰው ክሬም ቀለም። በየጥጋጥጉ የቀረውን በሽቦ ብሩሽ፣ ብሩሽ የማይገባበትን በጥርስ ብሩሽ፣ እሱም ካልገባ በእንጨት ጫፍ። አምስት ቀን ፈጀባት፤ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት የቀረው የውሃው ፈተና ብቻ ነበር።

«በይ፣ ሽቦሽን ቋጪ» አለች አክስቷ።

ይህ ነበር ትልቁ ነገር። ከግቢው የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በሽቦ ታስሮ ነው የሚወጣው፤ እያንዳንዱ አጣቢ የራሱ ቋጠሮ አለው። የአክስቷ ቋጠሮ ሁለት ዙር ሆኖ ጫፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ቀቢው እሱን ካየ ውሃ እንኳ አያፈስበትም። ጸሐፊዋ የራሷን ካሰበችው ዓመት ሆኗታል፤ ሦስት ዙር፣ ጫፉ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ። በኬሚስትሪ ደብተሯ የኋላ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ እንደሳለችው እሷ ታውቃለች።

«ሕጉን አትርሺ» ጨመረች አክስቷ። «ዕቃው የተመለሰበት ሰው ማጠቡ ቀርቶ ወደ ካርቶን ጽሕፈት ይመለሳል። እስከ ከርሞ።»

ጸሐፊዋ ራሷን ነቀነቀች። ካርቶኑን ስታነሳ ግን የዘወትሩ «ለቀቢ» ለዛሬ አነሰባት። ይህ የሷ ዕቃ ነው፤ የተለየ ቃል ይገባዋል። ፊደሉን አሳምራ፣ በትልቁ «ይቀባ» ብላ ጻፈች። ከስሩም አሰመረችበት።

ልክ ያኔ ጓደኛዋ ራዲዮ ከች አለች። አንድ ክፍል ናቸው። ራዲዮ የተባለችው ከጠዋት እስከ ማታ ስርጭቷ ስለማይቋረጥ ነው፤ በትምህርት ቤት እንኳ መምህሩ «ትንሽ ድምፅሽን ቀንሺው» ይላታል እንጂ ዝም በይ አይላትም።

«ወይኔ! እነዚህ እነዚያ ጭቅቅታሞቹ ናቸው? አትቀልጂ! አሪፍ ሆነዋል እኮ!»

«እንዳትነኪያቸው» አለች ጸሐፊዋ ፈገግ ብላ። ከዚያ ለመጠቅለያ የሚሆን ንጹህ ወረቀት ለማምጣት መንገድ ተሻግሮ ወዳለው ማተሚያ ቤት ሮጠች። ጋዜጣ ቀለም ስለሚለቅ አይሆንም፤ ማተሚያ ቤቱ ግን ያልታተመበትን ቁራጭ ወረቀት ያስቀምጥላቸዋል። ወረቀቱ እስኪፈለግ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየች።

ስትመለስ አክስቷ በርሜሉ ጋ ነበረች። ራዲዮ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ለወትሮው የማታውቀውን ዝምታ ይዛ፣ ሚስጥር እንደዋጠ ሰው ፈገግ ትላለች። አስራ ሰባቱ ብረቶች ከቅድሙ የባሰ ያብረቀርቃሉ። ፀሐዩ ዞሮ ነው፣ አለች ጸሐፊዋ በሆዷ። ጓንቷን እንዳደረገች አንድ በአንድ ጠቀለለቻቸው፤ ሽቦውን ሦስት ጊዜ አዙራ ጫፉን እንደ ቀለበት ጠቀለለችው።

ቀቢው ሁለት መንገድ አልፎ ነው የሚሠራው። ሁለቱም አብረው ሄዱ፤ ራዲዮ ግን በር ላይ ቀረች። ቀቢው «ወሬ አቧራ ያስነሳል» ብሎ አያስገባትም። አቧራ እንዳይነሳ ወለሉን በውሃ ረጭቶት ነበር፤ ሽፍንፍን ያለ ካፖርቱን ለብሶ፣ የአፍ መሸፈኛውን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀበላት። ቋጠሮውን ዓይኑ ድረስ አስጠጋው።

«ይሄን አላውቀውም። የማን ነው?»

«የኔ ነው ጋሼ።»

«የአንቺ!» አንዱን ጥቅልል ፈታ አድርጎ ማጠፊያውን ወደ መስኮቱ አነሳው። ብረቱ ብልጭ አለ። «አይ፣ ይሄማ ተሠርቷል። እንደ መስታወት ነው! ውሃም አላፈስበት። ሂጂ፣ ለአክስትሽ እጅሽ ይባረክ ብሏል በያት። አንቺንም ጭምር።»

ጸሐፊዋ ከበሩ ስትወጣ እግሯ መሬት የረገጠ አልመሰላትም። በመጀመሪያ ቀኗ፣ በራሷ ቋጠሮ፣ ውሃ ሳይፈስበት! ይህን ለማን ትነግረው ይሆን? ለሁሉም፤ ወይም ለማንም። እንዲሁ ይዛው መሄድም ይበቃታል።

ጥቂት እንደተራመዱ ራዲዮ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«እና? እኔስ አልመሰገንም?»

«ለምኑ?»

«ለማብረቁ ነዋ! አንቺ ወረቀት ልታመጪ ስትሄጂ ማን የቀባልሽ መሰለሽ?»

ጸሐፊዋ ቆመች። «ምን የቀባሽልኝ?»

«ዘይት! ‹ይቀባ› ብለሽ ጽፈሽ የለ? ያውም አስምረሽበት! ዘይቱ እዚያው፣ ጨርቁ እዚያው፣ እኔ ደግሞ ሥራ ፈት። አንድ በአንድ ነው ያሸሁልሽ። ማጠፊያዎቹንማ እንዳይጮኹ ብዬ ውስጥ ውስጣቸው ድረስ ጠብ ጠብ አደረግኩላቸው። ሰርፕራይዝ!»

«እንዳትነኪያቸው ብዬሽ አልነበር?»

«እሱማ በቆሻሻ እጅሽ ማለትሽ መስሎኝ ታጠብኩ እኮ!»

«ራዲዮ… ይቀባ ማለት ቀለም ይቀባ ማለት ነው።»

«ታዲያ ‹ቀለም› የምትለዋን ምን በላት?»

ጸሐፊዋን ቃሉ ዓይኗ ላይ መጣባት፤ ያሳመረችው ፊደል፣ ያሰመረችው መስመር። ዘይትም ይቀባል፣ ቀለምም ይቀባል። አክስቷ ያን ሁሉ ዘመን «ለቀቢ» ስትል የኖረችው ፊደል ቸግሯት አልነበረም።

ራዲዮ የጓደኛዋን ፊት አይታ ነገሩ ገባት። ድምጿ ወረደ። «ቆይ፣ ሰውዬው ከመቀባቱ በፊት በቲነር ይጠርገው የለ? ይጠፋል በቃ። አታካብጂ።»

«ላዩን ይጠርገዋል። ማጠፊያው ውስጥ የገባውን ማን ያገኘዋል? ቀለሙን በሙቀት ነው የሚያደርቀው። ዘይቱ ያን ጊዜ ሞቆት ይወጣና ቀለሙ ስር ይተኛል። ዛሬ ያምራል፤ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ እንደተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይነሳል።»

«ከሦስት ወር በኋላ?» ራዲዮ ቀስ ብላ፣ «ያኔ ማን ያስታውሳል?» አለች።

እውነቷን ነው። ማንም አያስታውስም። ቀለሙ ሲነሳ ሰው የሚያማው ቀቢውን ነው፤ አጣቢ በዚያ በኩል ማለፏን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም። ጸሐፊዋ ይህን አሰበች። ቀጥላም ሕጉን አሰበች። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቋጠሮ ግማሽ ቀን ሳይሞላው ሊፈታ ነው። መዝገብ እንደ ያዘ ሰው ካርቶን ስትጽፍ፣ ሠራተኞቹ «ጸሐፊዋ ተመለሰች» ሲሉ ይታያት ጀመር።

«ወይም ደግሞ» አለች ራዲዮ ፈጠን ብላ፣ «ወረቀቱ ነው በያቸው። ማተሚያ ቤቱ ዘይት የነካው ወረቀት ሰጥቶን ነው በይ። አለቀ!»

«ማተሚያ ቤቱ ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገም፤ ግን እሱን ማንም አያባርረውም።» ራዲዮ ዓይኗን ወደ ጫማዋ ጣለች። «አክስትሽ ይሄን ከሰማች በዚያ በር አታሳልፈኝም። እኔ ደግሞ ቤት ሄጄ ከማን ጋር ላውራ? ከግድግዳ ጋር?»

ጸሐፊዋ ጓደኛዋን እጇን ያዝ አደረገቻትና ወደመጡበት ዞረች።

«ወዴት ነው?»

«ሳይጀምር እንድረስ።»

ቀቢው መሸፈኛውን አፉ ላይ አድርጎ ነበር። ከአስራ ሰባቱ ዘጠኙ ከፍ ብሎ በተዘረጋው ሽቦ ላይ እንደ ልብስ ተሰጥተዋል። በአንድ እጁ ቲነር የነካው ጨርቅ ይዟል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ውሃ ይሰጡኛል?»

«ጠማሽ እንዴ?»

«አይ። ለማጠፊያው ነው።»

ቀቢው ጥቂት አያት። ከመደርደሪያው ላይ ትንሽ ጣሳ አውርዶ ከባልዲው ቀዳላት። ጣሳዋ የልጅ ጡጫ ታክላለች፤ ሦስት ጊዜ መቅዳት ግድ ሆነባት። ጸሐፊዋ ማጠፊያውን በጓንቷ ይዛ አፈሰሰች። ውሃው እንደ ቅድሙ አልተኛም። ደነገጠ፣ ተሰባሰበ፣ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ። ማጠፊያውን ከፈት ዘጋ ስታደርገው ከውስጡ ቢጫ መስመር ሰርስሮ ወጣ።

«ተበጠሰ» አለች፤ እሱ ከማለቱ በፊት።

«ዘይት ነው» አለ ቀቢው። «ማነው የቀባው?»

«‹ይቀባ› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ካርቶኑን ከመሬት አንስታ ሰጠችው። «አክስቴ ‹ለቀቢ› ነው የምትለው። እኔ ቃል አሳመርኩ ብዬ ነው።»

«የቀባሁት ግን እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ራዲዮ ነበረች። ሌላ አልጨመረችም። በሕይወቷ ያስተላለፈችው አጭሩ ዜና ሳይሆን አይቀርም።

ቀቢው ካርቶኑን አንዴ አነበበው፤ ደገመው። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተቆጥቷል ብለው ሁለቱም አፈገፈጉ፤ ለካ እየሳቀ ነው።

«ሠላሳ ዓመት ቀቢ እየተባልኩ፣ ዘይት የሚቀባውም ቀቢ መሆኑን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም!» ሳቁን ጨርሶ ዓይኑን ጠረገ። «ጥፋቱ የኔም ነው። ውሃ ማፍሰስ ነበረብኝ። አክስትሽን አምኜ ተውኩት።»

ጸሐፊዋ ቀና አለች። «አክስቴን ነው ያመኑት?»

«ታዲያ ማንን ላምን? የአንቺን ቋጠሮ ዛሬ ነው ያየሁት።»

ይህ ቃል ሊያሳፍራት ይገባ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ቅድም ከዚህ በር ስትወጣ የተሸከመችው ኩራት የራሷ አልነበረም፤ የተዋሰችው ነበር። አሁን ባዶ እጇን ናት፤ እንዲያውም ቀለል አላት።

ቀቢው ቋጠሮዋን አልቆረጠውም ነበር። ዙሩን እየተከተለ ፈትቶ ሽቦውን ሚስማር ላይ አንጠልጥሎታል። አውርዶ ከካርቶኑ ጋር ሰጣት። «እስከ አስር ሰዓት ከመጣሽ ዛሬውኑ ይቀባል» አለና ጣቱን አነሳ፤ «ቀለም ማለቴ ነው!»

ግቢ ሲደርሱ አክስቷ ጥቅልሉን ከሩቅ አይታ ሥራዋን አቆመች።

«መለሰው?»

«አይ» አለች ጸሐፊዋ። «እኔ ነኝ የመለስኩት።»

ሁሉንም ነገረቻት። ይህን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ተናግራ አታውቅም። ራዲዮ በበኩሏ አንድም ቃል አላከለችም። አክስቷ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ከዚያ ካርቶኑን ተቀብላ አነበበችው።

«እናቴ ትሙት አልል ነገር፣ እኔም ‹ለቀቢ› ለምን እንደምል አላውቀውም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ያስተማሩኝ እንዲያ ሲሉ ሰምቼ ነው።» ቀጥላ ወደ ራዲዮ ዞረች። «አንቺ! ይቅርታ በአፍ አልቀበልም፤ አንቺ ጋ አፍ ርካሽ ነው። በእጅሽ ጠይቂ። ጓንቱ እዚያ ነው።»

ራዲዮ ጓንቱን አጠለቀች። ሦስት እጇን ያህላል። ማጠፊያዎቹ ከፈላው የሳሙና ውሃ ሲወጡ እየተቀበለች፣ አንዱን አርባ አርባ ጊዜ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ታደርገዋለች፤ ጸሐፊዋ በጥርስ ብሩሹ ትከተላለች። ጮክ ብላ ስለምትቆጥር ስርጭቱ ተመልሷል። በሁለቱ ማጠፊያዎች ላይ የመጀመሪያው ውሃ ተበጠሰ። እንደገና ገቡ። ሁለተኛው ውሃ አንዱ ላይ ተበጠሰ። እንደገና። አስራ ሰባቱም በተራ ተኙ። በሞቀው ቆርቆሮ ላይ ደርቀው፣ በንጹሁ ወረቀት ሲጠቀለሉ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

ጸሐፊዋ አዲስ ካርቶን አነሳች። «ለቀቢ» ብላ ጻፈች። አላሰመረችበትም።

አክስቷ ሽቦ በእጇ ይዛ መጣች። «ዕቃው የተመለሰበት ነው ያልኩት እኔ» አለች። «የመለሰችውን አላልኩም። እንግዲህ በማን ቋጠሮ ይሂድ? በኔ ከሄደ ውሃ አያፈስበትም፤ ሰዓቱም ይደርስላችኋል። በአንቺ ከሄደ ግን…»

«አሁንማ ያፈስበታል!» አለች ራዲዮ። «አስራ ሰባቱም ላይ! አንድ በአንድ! እኛም እዚያው ቆመን እንደ ፈተና ውጤት ልንጠብቅ? ኧረ በአክስትሽ ይሁን፣ ይመችሽ!»

ጸሐፊዋ ከአክስቷ እጅ የተዘረጋውን ሽቦ አየችው፤ አልተቀበለችውም። ከካፖርቷ ኪስ ቀቢው ያልቆረጠውን የራሷን አወጣች። የጠዋቱ ዙር አሁንም ምልክቱ አለበት። አንድ አዞረች። ሁለት። ሦስተኛውን አጥብቃ ጫፉን እንደ ቀለበት ጠቀለለችው።

ከዚያ የግቢውን ትልቁን ጣሳ ከመስቀያው አውርዳ ለራዲዮ አስያዘቻት።

«ይሄ ደግሞ ለምንድነው?»

«የሳቸው ጣሳ ትንሽ ናት» አለች ጸሐፊዋ፤ ጥቅልሉን አቅፋ ፊት ፊት ሄደች።